እማማ ሳይጠየቁ የተቆረጠው ኮራል

ይህን ታሪክ ዛሬ የሚጀምር አንባቢ ብዙ አላመለጠውም። ባለፉት ሳምንታት ስናወራ የቆየነው ስለ ሦስት ሰዎች ነው፤ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ስለሸኙ አንዲት እናት፣ አብሯቸው ስለሚኖር ዝምተኛ የሂሳብ መምህር፣ እና ለእናትየዋ አዲስ ጥርስ ስለሠራች ሴት።

እናትየዋን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። መምህሩ ልጃቸው ሳይሆን አማቻቸው ነው። አንድያ ልጃቸውን አግብቶ፣ እሷ በአጭር ሕመም ስታርፍ፣ ሰዉ ሁሉ «ዛሬ ነገ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል» ሲል፣ እሱ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ሚስቴ ሞተች እንጂ እናቷ አልሞቱም» አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም።

ሁለቱ በጋራ የሚጠብቁት አንድ ነገር አለ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ጥግ፣ ሟቿ ያቆመችው የመስታወት የጨው ውሃ ገንዳ። ዓሣዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ገንዳውን የሞሉት ኮራሎች ናቸው። አንዱ ሲያያቸው አበባ ይመስሉታል፣ ሌላው ድንጋይ ይላቸዋል። እነሱ ግን እንስሳ ናቸው። አፍ አላቸው፣ ይበላሉ፣ ጎረቤት ሲጠጋባቸው ይናደፋሉ። «ታዲያ ከሰው በምን ተለዩ?» ይላሉ እማማ።

ጥርስ ሠሪዋን ወደዚያ ቤት ያመጣት ሥራ ነበር። እማማ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸው የክሊኒኩን ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው፣ አዲሱን ጥርስ ቤታቸው ድረስ ይዛላቸው ሄደች። ጥርሱ የሚጋጭበትን የሚያሳይ ሰማያዊ ወረቀት እያስነከሰች፣ የሚቆረቁረውን ቦታ እየሞረደች ሳለ፣ መምህሩ ከጀርባዋ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር አጠፋ። ክፍሉ ድንገት ጸጥ አለ፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም እንደነበር ያወቀችው ሲጠፋ ነው። በእጁ የኮራሎቹ ምግብ፣ በረዶው የቀለጠ ደቃቅ ሽሪምፕ፣ ያለበት ኩባያ ይዟል። ረጅም ቱቦ በተገጠመለት ስሪንጅ ከኩባያው እየሳበ፣ ለእያንዳንዱ ኮራል ከአፉ በላይ ቀስ አድርጎ ይለቅለታል። ኮራሉ መጀመሪያ ምንም አይልም። ትንሽ ቆይቶ በአፉ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ክንዶች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ።

«ለሁሉም ለየብቻ ነው የሚያጎርሷቸው?» አለች።

«ካልሆነ ዓሣዎቹ ይቀድሟቸዋል» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እነዚህ ሮጠው መሻማት አይችሉም።»

«ለኔ ሲሆን ግን 'ቶሎ ቶሎ ይብሉ፣ ክፍል ረፈደብኝ' ነው የሚለው» አሉ እማማ፣ አፋቸው ውስጥ ባለው ሰማያዊ ወረቀት መሀል።

መምህሩ ያን ጊዜ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሳቁ መጀመሪያ ከማን እንደመጣ ሁለቱም አያውቁም። እሷ ግን ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ የተሞረደውን ቦታ ደግማ እየሞረደች መሆኗን ዘግይታ አየች።

ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላም እሁድ እሁድ ከሰዓት መምጣቷ አልቀረም። አንቱታው በየት በኩል ሹልክ ብሎ እንደወጣ ሳይታወቅ አንተና አንቺ ተባባሉ። የጨውን ልክ መለካት አስተማራት። ለሚንቀረፈፈው ወፍራም ኮራል፣ ቀማኞቹ እንዳይነጥቁት፣ ግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደፍቶ ማብላት አስተማራት። እሷ ጠርሙሱን ትይዛለች፣ እሱ ስሪንጁን ይጫናል፤ ሁለቱም ክንዳቸው እስከ ክርን ለብ ባለው ውሃ ውስጥ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ወደ ኮራሉ። በልባቸው ያለውን ያወጣ የለም። እናቷ በስልክ «የሰው ጥርስ ስትደረድሪ የራስሽ ዕድሜ አለፈ» ስትላት ትስቅ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ያ ነገር ሲነሳ ወሬ ታስቀይሳለች። የሟች ሚስት ቤት፣ የሟች ሚስት እናት፣ የሟች ሚስት ገንዳ። እኔ እዚህ መሀል ምን ቦታ አለኝ ትላለች፤ እሁድ ሲመጣ ግን ልቧ ቀድሟት ይደርሳል።

*

ከኮራሎቹ ሁሉ ትልቁ ቅርንጫፋም የሆነው ሐምራዊው ነው። ሟቿ ጣት ከማታህል ቁራጭ ጀምራ ያሳደገችው ነው፤ እማማ «የልጄ ዛፍ» ይሉታል። ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑም ያናግሩታል።

ዛፉ ግን ከልክ በላይ አድጎ ጫፉ የውሃውን ገጽ ሊነካ ደርሷል። ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ጋርዷል። የራሱም የታችኛው ቅርንጫፍ ብርሃንም የውሃ እንቅስቃሴም ስለማያገኝ መንጣት ጀምሯል።

«ነጩ አጥንቱ ነው» አላት መምህሩ አንድ እሁድ። «ሥጋው ለቆታል። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«መቁረጥ ነው። ሕይወት ያለውን ጫፍ ጫፉን ቆርጦ፣ እያንዳንዱን በአዲስ መቆሚያ ላይ መትከል። ቁራጩ ራሱን ችሎ ያድጋል። ለሷም የመጣላት ከሌላ ሰው ገንዳ ተቆርጦ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ወደ ማድ ቤቱ በር ተመለከተ። እማማ እዚያ ሆነው ለራሳቸው እያንጎራጎሩ ሳህን ያጥባሉ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን በመጋዝ ነካሁት ማለት…» አለና አልጨረሰውም።

«መጋዝ አያስፈልግም» አለች። «እኔ ጥርስ የምቆርጥበት ትንሽ ክብ ምላጭ አለኝ፤ ሳይሰባብር ነው የሚቆርጠው። ግን መጀመሪያ ጠይቃቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

«እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

ሊጠይቃቸውም አስቦ ነበር። ራት ላይ ቃሉ እስከ ከንፈሩ ይመጣና ይመለሳል። አንዴማ «እማማ፣ ያ ኮራል…» ብሎ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው «ዛሬኮ ልጄን በሕልሜ አየኋት፤ ከዛፏ ሥር ቁጭ ብላ» አሉት። ዳቦውን አንሥቶ በላ። ነጩ ግን እሱን አልጠበቀውም፤ በሳምንቱ ሌላ ቅርንጫፍ ጨረሰ።

ያን ጊዜ ደወለላት። «እሁድ መሣሪያሽን ይዘሽ ነዪ» አላት። እሷ «ፈቀዱ ወይ?» አላለችም፤ «ነዪ» ማለቱ ለሷ ፈቃዱ ነበር። እሱም «ገና አልነገርኳቸውም» አላለም። ስልኩን ሲዘጋ እሷ ደስ አላት።

*

ያን እሁድ የእማማ የእህት ልጅ አራስ ስለነበረች ሕፃኑን ሊያዩ ሄደው ነበር። መምህሩና ጥርስ ሠሪዋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ዘረጉ። ሰፊ ሳፋ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሞሉ። ጓንት አደረጉ፣ መነጽር አደረጉ። እሱ ዛፉን በሁለት እጁ ደግፎ አወጣው፤ ከውሃ ሲወጣ ዝልግልግ ነገር አንጠባጠበ፤ ክፍሉ ባሕር ባሕር ሸተተ።

ምላጩ ሲነሣ እንደ ንብ ጮኸ። እሷ ጣቷ ሳያወላዳ ከነጣው ከፍ፣ ሕይወት ካለው ዝቅ እያለች ቆረጠች። እሱ ቁራጩን ይቀበላታል፣ አዮዲን ጠብ ባለበት ውሃ ይነክረዋል፣ የተቆረጠውን ታች በወረቀት ያደርቃል፣ በክቡ የሴራሚክ መቆሚያ ላይ ወፍራም ሱፐር ግሉ ጨምቆ ይተክለዋል፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ሥራው እየገፋ ሲሄድ አንገታቸው ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ ትንፋሿ የመነጽሩን ጥግ ያደበዝዘዋል።

«እጅሽ ትንሽም አይንቀጠቀጥም» አላት።

«የሚንቀጠቀጠው እጄ አይደለም» አለች።

ምላጩን አጠፋች። ይህን ልትል እንዳልነበር ከፊቷ ያስታውቃል። እሱ የያዘውን ቁራጭ ሳፋው ውስጥ አስቀመጠና እጇን ያዘ። ለምን ያህል ጊዜ እንደያዛት አላሰቡትም። ሊለቃት ሲል ግን ጓንቱ ላይ የቀረው ማጣበቂያ የሷን ጓንት ይዞ አልለቅ አለ። ሳቁ። እሱ ሲስብ እሷ ትመጣለች፣ እሷ ስትስብ እሱ ይመጣል።

እማማ በሩን ከፍተው የገቡት ያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ስላገኙት ቶሎ ተመልሰዋል።

መጀመሪያ ያዩት ገንዳውን ነው፤ ዛፉ የነበረበት ቦታ ውሃ ብቻ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ቁርጥራጩን፣ ምላጩን አዩ። በመጨረሻ የተያያዙትን እጆች።

«ልጄን ሁለተኛ ጊዜ ቀበራችኋት» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እማማ፣ እየሞተ ስለሆነ ነው፤ ልናድነው…»

«ስትነግረኝ የት ነበርኩ?»

መምህሩ ዓይኑን ሳፋው ላይ ተከለ። ጥርስ ሠሪዋ ቀስ ብላ ወደሱ ዞረች። «አልነገርካቸውም እንዴ?» አለችው። ቀና ብሎ አላያትም።

እማማ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጥርሳቸውን ከላይም ከታችም አወጡ፣ በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ከቁራጮቹ አጠገብ አስቀመጡት። «የእጅሽ ሥራ ነው፤ ውሰጂው» አሉ። ያለ ጥርስ ቃሉ ለስልሶ ነው የወጣው፤ ቢሆንም ለሷ ከምላጩ ይልቅ የሚቆርጥ ነበር። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት።

እሷ እጇን ከጓንቱ ውስጥ መዝዛ አወጣች፤ ባዶው ጓንት ከእጁ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

«ሌባ አደረግከኝ» አለችው። «የቤቱ ባለቤት ሳያውቁ የሰው ቤት የገባሁ ሌባ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን? እሳቸውን ነው የፈራኸው ወይስ ከኔ ጋር መታየትን?»

መልሱን ፈለገ። ልቡ ውስጥ ነበር፤ ግን በአንድ ቃል የሚወጣ አልነበረም። በትክክል ልመልስ ብሎ ሲዘገይ፣ እሷ መዘግየቱን እንደ መልስ ወሰደችው። መሣሪያዋን ሰበሰበች፣ የእማማን ጥርስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች፣ ወጣች። መንገድ ላይ እጇ ባሕር ባሕር እንደሸተተ ነበር።

*

የጥርስ ሠሪዋ ክፍል ከክሊኒኩ የላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ነው። መስኮቱ ሥር የሰም ማቅለጫዋ፣ አጠገቡ የጂፕሰም ዱቄቱ፣ መደርደሪያው ላይ ልካቸው የተወሰደ የብዙ ሰው አፍ። የእማማን ጥርስ በንጹሕ ውሃ ዕቃ ውስጥ አድርጋ ከፊቷ አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ውሃውን ትቀይርለታለች።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም» አለቻት እናቷ በስልክ።

«ጥርስ የሌላቸው ሴትዮ ጥርስ ነክሰውብኛል።»

እናቷ ሳቀች። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እናቷ ስልኩን ሳትዘጋ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

መምህሩም ቢሆን አላማረበትም። ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። «ይቅርታ» ብሎ ጽፎ ትንሽ ሆነችበት። ረጅም ጽፎ ሰበብ መሰለበት። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ስሌት ሲያርሙት አመስግኗቸው ያጠፋል። ቤት ሲገባ እማማ ሰላምታውን ይመልሳሉ፣ ዳቦአቸውን በወተት አርሰው ይበላሉ፣ ይተኛሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ቁራጮቹ በገንዳው ወለል ላይ እንደተተከሉ ናቸው። ከተቆረጡ ወዲህ ራሳቸውን ሰብስበው ልሙጥ ጠጠር መስለዋል። ሁለቱ ነጥተው ሞቱ። እማማ እንዳያዩዋቸው ማልዶ አወጣቸውና ኪሱ ከተታቸው። ቀኑን ሙሉ፣ ሲያስተምርም፣ እጁ ኪሱ ውስጥ እየገባ ይነካቸዋል። እሷ ብትኖር ምን ብዬ እነግራት ነበር ይላል፤ ግን ያቺኛዋን ማለቱ ይሁን ይቺኛዋን ራሱም አይለየውም። ያ ከሁሉ በላይ አስፈራው።

*

የፈተና ሳምንት መጣና አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤት ገባ። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያወቀው ጸጥታውን ነው። የገንዳው ሞተር ጠፍቷል። ተበላሸ ብሎ ልቡ ደንግጦ ወደ ሳሎን ዘለቀ።

እማማ ወንበር አስጠግተው ገንዳው ላይ አጎንብሰዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል። አንድ እጃቸው የገንዳውን ጠርዝ ይዟል፤ በሌላው ስሪንጁን ይዘው ከአንዱ ቁራጭ በላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ።

«በሩን ቀስ አርገህ ዝጋው» አሉ ሳይዞሩ። «ሲደነግጡ ይገባሉ።»

ቀረብ ብሎ አየ። ቁራጮቹ ተከፍተው ነበር። በያንዳንዱ ልሙጥ ቆዳ ላይ፣ እንደ ሱፍ ጭራ የደቀቁ ክንዶች ወጥተው ውሃው ውስጥ ምግብ ይፈልጋሉ። ተቆርጦ የነበረው ታች ሐምራዊ ሥጋ ማጣበቂያውን መሸፈን ጀምሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያበሏቸው?»

«ከተከፈቱ ጀምሮ። አንተ ጠዋት ወጥተህ ማታ ትመጣለህ፤ ቀን ቀን ማን እንደሚርበው የት ታውቃለህ?» አሉና ስሪንጁን ኩባያው ውስጥ አስቀመጡ። «ሁለቱን የት አደረግካቸው?»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ነጮቹን ቁራጮች መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው። እማማ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ መልሰው መዳፉ ላይ አኖሩት።

«እማማ፣ ሳልነግርዎት ማድረጌ…»

«የኮራሉን ተወው። የሌላውን ንገረኝ።»

መምህሩ ወለሉ ላይ፣ ከወንበራቸው አጠገብ ተቀመጠ። «እወዳታለሁ» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ። የሌለኝ ጥርስ ነው እንጂ ዓይን አለኝ።»

«ካወቁ ለምን…»

 እማማ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጄ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ አጽናናኝ። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃት ነበረኝ። አንተ የኔ ምኔ ነህ? ደሜ አይደለህ። ያገናኘችን እሷ ነበረች፤ እሷ ሄደች። ሌላ ያገባህ ቀን አዲሷ አማትህ መጥታ እዚህ ትቀመጣለች። እኔ የሞተች ሚስትህ እናት እሆናለሁ። ለዚያ ዝምድና ስም አለው? ፈልጌ አጣሁለት። ያን ቀን እጃችሁን ሳይ ያየሁት አንተ ከዚህ በር ስትወጣ ነው።»

«የምሄድበት አጥቼ አይደለም እዚህ የቀረሁት» አለ መምህሩ። «እናቴን አላውቃትም፤ አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። ማታ ስገባ 'በላህ ወይ?' ብሎ የሚጠብቀኝ ሰው ያገኘሁት ከእርስዎ ነው። እሷ ካለፈችም በኋላ መጠበቅዎን አልተዉም። እኔም እንዳይተዉኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

አለቀሰ። ሰውየው ቀብሩ ላይ እንኳን አላለቀሰም ነበር። እማማ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው፣ የገንዳው ሰማያዊ ብርሃን ሁለቱንም እያለበሳቸው፣ እስኪወጣለት ቆዩ።

«በል» አሉ በመጨረሻ፣ «ከጨረስክ ሞተሩን አብራው፤ ይታፈናሉ።»

ተነሥቶ አበራው። ውሃው ተንቀሳቀሰ። ከደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተነሣለት፤ ደስታ ነው እንዳይል ያመዋል፣ ሐዘን ነው እንዳይል ቀለለው።

*

ቅዳሜ ዕለት ጥርስ ሠሪዋ ሰም እያቀለጠች ሳለ የሰው ትንፋሽ ሰማች። ቀና ስትል እማማ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ያን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበት። ዘላ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ አቀረበችላቸው። የምትለው ሲጠፋት «ጥርስዎን ላምጣልዎት» አለች።

«እሱ ይደርሳል። ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጠች።

«አንቺ የተነገረኝ መስሎሽ ነው የገባሽው። ጥፋቱ የሱ ነው፤ ለሱ የሚገባውን ነግሬዋለሁ። ያንቺን ጥርስ አውጥቼ መወርወሬ ግን የኔ ጥፋት ነው።»

«አልወረወሩትም፤ አስቀመጡት እንጂ።»

«በልቤ ወርውሬዋለሁ።» ውሃውን ተጎነጩ። «ዛፉ ደህና ነው። ቁራጮቹ በልተዋል።»

ጥርስ ሠሪዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን ለመመለስ ጊዜ ፈልጋ ነው። ከዚያ ብዙ ቀን ውስጧ ያደረውን ጠየቀች። «እሷስ? እኔ በሷ ቤት፣ በሷ ቦታ…»

«እሷ ብትኖር አንቺ ቤታችን ባልመጣሽ» አሉ እማማ። «ስለሌለች ነው የመጣሽው። ይህ ያመኛል፤ አልዋሽሽም። እሁድ ስትመጪ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለሌላው ብዬ አልጥለውም። አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ልታስደስቺኝ ብለሽ አትመልሺ። እሱን ብታገቢው፣ እኔ ምንሽ ነኝ?»

ጥርስ ሠሪዋ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሰም እየላጠች አሰበች። መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ጡሩምባ እስከ ላይ ይሰማል።

«እናቱን እንደማያውቃት ነግሮኛል» አለች። «ማታ የሚጠብቁት፣ ሲያጠፋ የሚቆጡት፣ ሲከፋው የሚያባብሉት እርስዎ ነዎት። ለባል እናት እኔ የማውቀው ስም አማት ነው። ሌላ ስም የለኝም።»

«እኔኮ የሱም አማት ነኝ።»

«እንግዲያው የሁለታችንም ነዎት።»

 እማማ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ። «ባልና ሚስት አንድ አማት ሲካፈሉ አይቼም ሰምቼም አላውቅ» አሉ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ለማወቅ ያስቸግር ነበር፤ እሷም ብትሆን የራሷን አልለየችውም።

«ግን እኮ» አለች ቆይታ፣ «እሱ ራሱ አልጠየቀኝም።»

«ታች ነው ያለው። አትውጣ ብዬው ነው። እኔ ልጠይቅልህ አላልኩትም፤ ይህን ያህልስ አፍ አያጣም።»

ጥርሳቸውን አጥባ ገጠመችላቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። የታችኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መምህሩን አትውጣ የተባለውን ረስቶ ግማሽ መንገድ መጥቶ አገኙት። የተዘጋጀበትን ረጅም ንግግር ፊቷን ሲያይ ረሳው።

«ያን ቀን ማንን ፈራህ ብለሽኝ ነበር» አለ። «ሁለታችሁንም ማጣት ነው የፈራሁት። ላላጣችሁ ብዬ ለሁለታችሁም ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ነገር ሲኖር ቀድሜ እነግርሻለሁ። አሁን ያለው ነገር እወድሻለሁ ነው። ብታገቢኝ ደስ ይለኛል።»

ከበታቹ ጉንጩ ያበጠ ሕመምተኛ አንድ እጁን መንጋጋው ላይ አድርጎ ማለፊያ ይጠብቃል። ሦስቱም አላዩትም።

«ዘገየህ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እሺ።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ሕመምተኛው፣ አፉን በደንብ መክፈት እየተሳነው። «አሁን ልለፍ?»

እማማ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉት። ከዚያ መምህሩ በቀኛቸው፣ ጥርስ ሠሪዋ በግራቸው ክንዳቸውን ያዙ። ደረጃው ለሦስት ሰው አይበቃም። ከሦስቱ ግን ወደ ኋላ መቅረት የፈለገ አልነበረም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ተጣብበው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየገፋ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።